«እንብላ» ያለ ሁሉ አልጋበዘም

በኤፕሪል ወር አንድ ምሽት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር ወዳጄ ደወለችልኝ። ድምጿ ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነበር። «ጋሼ፣ ኮሌጁ ልጄን ጠራው!» ልጇ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። በትምህርት ቤቱ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ካቸር ነው፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው ማለት ነው። ኢሜይሉን ላከችልኝ። የዩኒቨርሲቲው ዓርማ አለበት፣ የዋና አሰልጣኙ ፊርማ አለበት፣ የልጁ ስም ሳይሳሳት ተጽፏል። «አሰልጣኞቻችን በጁላይ በሜዳችን ላይ ሊያዩህ ይወዳሉ» ይላል። ዝቅ ሲሉ ደግሞ የቤዝቦል ካምፑ የካርድ መክፈያ፦ 225 ዶላር። በሦስተኛው ቀን እንደገና ደወለች፤ አሁን ድምጿ ወርዷል። ያው ደብዳቤ ለግማሹ ቡድን ደርሷል። እጁ ተሰብሮ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ጨዋታ ያልተጫወተውን ልጅ ሳይቀር ሊያዩት ይወዳሉ።

በአገራችን ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው ደጁን ለሚያልፍ ሁሉ «እንብላ» ይላል። ወግ ነው፤ ውሸትም አይባልም። አላፊውም «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ገብቶ እጁን አይታጠብም። የካምፕ ኢሜይል «እንብላ» ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ገብቶ ለተቀመጠ ሒሳብ ይመጣለታል።

አሰልጣኞቹን አጭበርባሪ ማለቴ አይደለም። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በዋናነት የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ ኮሌጆች የሚያዘጋጁት ካምፕ ለተመዘገበ ሁሉ ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል። ገደብ ማድረግ የሚቻለው በተሳታፊ ብዛት፣ በዕድሜ፣ በክፍል ደረጃና በጾታ ብቻ ነው። ስለዚህ የኮሌጅ ካምፕ «በግብዣ ብቻ» ሲባል ከሰማችሁ ቃሉ የማስታወቂያ ቃል ነው። የገንዘቡም ነገር አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ አንድ የዲቪዥን ዋን (ከማኅበሩ ሦስት ደረጃዎች የላይኛው) ቤዝቦል ቡድን ደመወዝ ሊከፍላቸው የሚችለው ረዳት አሰልጣኞች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው «በጎ ፈቃደኛ» ይባላል፤ እንደ ሌሎቹ ሙሉ ቀን ይሠራል፣ ደመወዝ ግን የለውም። ኪራዩን የሚከፍለው በአብዛኛው ከካምፕ በሚደርሰው ገንዘብ ነበር። ያ ደንብ ተሽሮ ሦስተኛውም ደመወዝተኛ ሆኗል፤ የካምፑ ልማድ ግን እንደነበረ ቀጥሏል።

ለወዳጄ የደረሳት የዲቪዥን ዋን ደብዳቤ ምንነት ደግሞ ከቀኑ ብቻ ይታወቅ ነበር። በዲቪዥን ዋን ቤዝቦል አሰልጣኝ ከተመልማይ ጋር መጻጻፍና መነጋገር የሚፈቀድለት ልጁ 11ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ይህ የሆነው በ2023 ነው፤ ከዚያ በፊት ገና ድምፁ ያልጎረነነ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሳይቀር ለዩኒቨርሲቲ ቃል ይገባ ነበር። ከቀኑ በፊት በማንኛውም ጊዜ መላክ የሚፈቀደው የካምፕ ማስታወቂያና መጠይቅ ነው። እንግዲህ የአሥረኛ ክፍል ልጅ በኤፕሪል ከዲቪዥን ዋን ኢሜይል ከደረሰው፣ የደረሰው ማስታወቂያ ነው። ዲቪዥን ቱ ከ11ኛ ክፍል በፊት ባለው ጁን 15 ይጀምራል። ዲቪዥን ስሪ ግን እንዲህ ያለ የቀን ገደብ የለበትም፤ የዚያ አሰልጣኝ ለአሥረኛ ክፍል ልጅ ቢጽፍ ከልቡ ሊሆን ይችላል።

እኔም ይህን ያወቅሁት ከፍዬ ነው። ልጄ ግራኝ ፒቸር ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። በመጀመሪያው ሰመራችን አራት ካምፕ ሄድን። ለአንዱ አምስት ሰዓት ነዳን፣ ሆቴል አደርን። በምሳ ዕረፍት ላይ አንድ ረዳት አሰልጣኝ ሳንድዊቹን እየገመጠ ከልጄ ጋር በወዳጅነት ሲጨዋወት፣ ለእሱ የምረቃ ዓመት ግራኝ ወርዋሪ ፈልገው እንደጨረሱ ነገረው። ሰውየው አልዋሸንም፤ እኛም አልጠየቅነውም ነበር። አንድ መስመር ኢሜይል ጽፈን ብንጠይቀው ኖሮ ያንኑ በነፃ ይነግረን ነበር። በሦስት ሰመር መንከራተት የደረስኩበት ይህ ነው፦ ካምፕና ሾውኬዝ (የችሎታ ማሳያ) አስቀድሞ ዓይን ያረፈበት ልጅ የሚረጋገጥበት ቦታ ነው። ማንም የማያውቀው ልጅ ሜዳ ገብቶ ሲመታ አሰልጣኙ ከወንበሩ ብድግ የሚልበት ታሪክ ከፊልም ውጪ ብዙ አይገጥምም።

ገበያው ደግሞ ጠቧል። በሃይስኩል ከሚጫወቱ 100 ልጆች በየትኛውም የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ደረጃ የሚጫወቱት ሰባት ወይም ስምንት ናቸው፤ ዲቪዥን ዋን የሚደርሱት ሁለት ያህል። ለዓመታት አንድ የዲቪዥን ዋን ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ነበር፤ አዎ፣ ነጥብ ሰባት። እሱን ነው ለሠላሳ ያህል ልጅ እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመድብ የነበረው። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው «ሀውስ» የሚባለው የስምምነት ውል ይህን ለወጠው፤ በውሉ የገቡ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያ የለባቸውም፣ ነገር ግን የተጫዋቻቸው ቁጥር ከ34 አይበልጥም። ገንዘቡ ሰፋ፣ ወንበሩ ጠበበ። በዚህ ላይ ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወር ችሏል። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ዓመታዊ ምርጫም በዚያው ዓመት በ20 ዙር ተወሰነ፤ ቀድሞ 40 ነበር። ቀድሞ ወደ ፕሮፌሽናል ይሄዱ የነበሩት አሁን በኮሌጅ ይቆያሉ ማለት ነው። የእኛ የ18 ዓመት ልጅ የሚወዳደረው ሦስት ዓመት በኮሌጅ ተጫውቶ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ከሚመጣ የ22 ዓመት ጎልማሳ ጋር ነው።

የካምፑ ዓይነት ብዙ ቢመስልም ሲጠቀለል ጥቂት ነው። የኮሌጁ የራሱ ካምፕ አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ቀን፣ ከ100 እስከ 300 ዶላር ገደማ። ይህ ከሁሉም ይጠቅማል፣ ከሁሉም ያከስራል። የሚጠቅመው አሰልጣኙ ልጁን በስሙ ሲያውቀው ነው፤ ቪዲዮውን አይቶ መልሶ ሲጽፍ፣ መቼ እንደሚጫወት ሲጠይቅ፣ «ጁላይ 12 ና፣ ከቀኝ በኩል ስትመታ ማየት እፈልጋለሁ» ሲል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሌላ ልጅ ሊላክ አይችልም፤ መለያው ይኸው ነው። የሚያከስረው ደግሞ 150 ልጅ በሁለት ሜዳ ላይ ሲፈስና ሰዓት የሚይዙት የኮሌጁ ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ ዋና አሰልጣኙም ጠዋት ንግግር አድርጎ ሲሰወር ነው። ከመክፈል በፊት ስንት ልጅ እንደሚመዘገብ፣ ዋና አሰልጣኙና የምልመላው ኃላፊ ሜዳ ላይ መኖራቸውን፣ ጨዋታ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ነውር የለበትም። የዲቪዥን ዋን አሰልጣኞች ከግቢ ወጥተው እንዳይመለምሉ የሚከለከሉባቸው ወራት አሉ፤ በነዚያ ወራት ተጫዋች በዓይናቸው የሚያዩት ሜዳቸው ድረስ ሲመጣላቸው ነው። በመጸውና በብርዱ ወራት የሚደረግ ካምፕ አንዳንዴ ከሰመሩ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ሾውኬዝ ሌላ ነው፤ የግል ድርጅት የሚያዘጋጀው የችሎታ ማሳያ ገበያ። ስመ ጥሮቹ በ1990ዎቹ አዮዋ ውስጥ የተመሠረተው ፐርፌክት ጌምና ከኢሊኖይ የተነሣው ፕሬፕ ቤዝቦል ናቸው። ፐርፌክት ጌም ለልጁ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ የአንዳንድ አባቶች የደም ግፊት ከዚያ ነጥብ ጋር ይወጣል ይወርዳል።

የሾውኬዝ ቀን ምን እንደሚመስል ላልገባበት ልንገር። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ልጁ ጀርባው ላይ ቁጥር ይለጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ስም የለውም፣ 147 ነው። በመጀመሪያ 60 ያርድ ይሮጣል፣ 55 ሜትር ገደማ። 6.8 ሰከንድ ከሆነ ሰዓት የያዘው ሰው ቀና ይላል፤ 7.4 ከሆነ ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። (የሯጭ አገር ልጆች ነን ብለን እዚህ ላይ እንኩራራ ነበር፤ 60 ያርድ ግን ማራቶን አይደለም፣ ኃይሌም አይረዳን።) ከዚያ ከሜዳው ጥግ መወርወር። ከዚያ ስድስት ስምንት ኳስ መምታት፤ ኳሱ ከዱላው የሚወጣበትን ፍጥነት መሣሪያ ይለካል። ካቸሮች ለብቻቸው ይጠራሉ። ኳሱ ጓንታቸው ውስጥ ጧ ካለበት ቅጽበት ጀምሮ 39 ሜትር ያህል ርቆ ሁለተኛው ቤዝ ላይ የቆመው ልጅ ጓንት እስኪገባ ያለው ጊዜ ይለካል፤ «ፖፕ ታይም» ይሉታል። 2.0 ሰከንድ አካባቢ የኮሌጅ ቋንቋ ነው። 2.3 ከሆነ ቤዝ ሊሰርቅ የሮጠው ሌባ ቤዙ ላይ ቆሞ አቧራውን እያራገፈ ነው። ወርዋሪዎች ሃያ ያህል ኳስ ይወረውራሉ፤ ከአጥሩ ጀርባ ራዳር የያዙ እጆች በአንድ ላይ ይነሣሉ፣ በአንድ ላይ ይወርዳሉ። ልጁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ የታየበት ጊዜ ቢደመር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ከዚህ ቀን የሚገኘው ጥቅም አንድ ነው፤ በሦስተኛ ወገን የተለካ ቁጥርና አጭር ቪዲዮ። ለአሰልጣኝ የሚላክ ኢሜይል ላይ «ልጄ ፈጣን ነው» ከማለት ያ ቁጥር ይሻላል። ለዚህ ግን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ በቂ ነው፤ ያውም ቁጥሩ ሲበስል። በ14 ዓመቱ የተለካ ደካማ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ልጁን ይጠብቀዋል። ቁጥሩን አስቀድሞ በሠፈር ሜዳ፣ በስልክ ሰዓት መለካት ይቻላል። ሳይለኩ 600 ዶላር ከፍሎ መሄድ ሳይመዝኑ በግ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት፣ እኔ ግን ለእንደኛ ያለ ቤተሰብ ከሁሉም አስበልጬ የማየው በትምህርት ጠንካራ ለሆኑ ልጆች የሚዘጋጀውን ካምፕ ነው። ሄድፈርስትና ሾውቦል የሚባሉት ይታወቃሉ። ከብዙ ኮሌጆች የመጡ አሰልጣኞች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ልጆቹን ራሳቸው በቡድን ይዘው ያጫውታሉ። በአሥር ደቂቃ ፈንታ ሁለት ቀን ያዩታል፤ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ፣ ከተቀያሪዎች ወንበር ላይ ማንን እንደሚያበረታታ ሳይቀር። ዋጋው ይጎመዝዛል፤ ከሆቴሉ ጋር ከሺህ ዶላር ያልፋል። ነገር ግን የሚመጡት አሰልጣኞች በአብዛኛው ከአይቪ ሊግና ከዲቪዥን ስሪ ኮሌጆች ናቸው። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ዲቪዥን ስሪም ሆነ አይቪ ሊግ ለስፖርት ብሎ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የለም። ይህን የሰማ ወላጅ ወዲያው ፊቱን ያዞራል፤ እኔም አዙሬ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። ዓመታዊ ወጪው 60 ሺህ ዶላር የሆነ ዩኒቨርሲቲ ለልጁ ሩብ የቤዝቦል ስኮላርሺፕ ቢሰጠው 15 ሺህ ነው። ሌላ እርዳታ ካልተጨመረ 45 ሺሁ በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ነው። አባት ኡበር የሚነዳበት፣ እናት ነርሲንግ ሆም የምታድርበት ቤት ይህን ከየት ያመጣል? በሌላ በኩል ሀብታሞቹ የግል ኮሌጆች በቤተሰቡ ገቢ ልክ እርዳታ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ የጎደለውን በሙሉ እንሞላለን ይላሉ። 80 ሺህ የተጻፈበት ኮሌጅ 60 ሺህ ከተጻፈበት በብዙ እጥፍ ሊረክስ ይችላል። በነዚህ ኮሌጆች የቤዝቦል ሚና በር ማስከፈት ነው። 11ኛ ክፍል ባለቀበት ሰመር፣ ከጁላይ ጀምሮ፣ አሰልጣኙ የሚፈልገውን ልጅ ትራንስክሪፕት ወደ አድሚሽን ቢሮ ወስዶ «ይህ ልጅ ያልፋል ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። መልሱ ጥሩ ከሆነ ልጁ በኖቬምበር ቀድሞ ያመለክታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተቀበሉት ሌላ ቦታ አልሄድም ብሎ ፈርሞ። ስለዚህ ያ ሰመር ወሳኝ ነው፣ ማርኩም ከዱላው እኩል ይቆጠራል። ለዲቪዥን ዋን ዝቅተኛው መስፈርት 16 ዋና ዋና ትምህርቶችና 2.3 አማካይ ውጤት ነው። እነዚህ ኮሌጆች ዘንድ በ2.3 የሚከፈት በር የለም።

በጆርጂያ ሌክፖይንት፣ በኦክቶበር ደግሞ በጁፒተር ፍሎሪዳ ስለሚደረጉት ትልልቅ ውድድሮች ብዙ አልልም። እዚያ የሚኬደው ከተጓዥ ቡድን ጋር ነው፤ የቡድኑ አሰልጣኝ ስልክ ደውሎ «ልጁን እዩልኝ» የሚልለት ሰው ከሌለው መቶዎች ቡድኖች መካከል መጥፋት ነው።

ነፃዎቹ ግን ሊነገርላቸው ይገባል። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ከዩ.ኤስ.ኤ. ቤዝቦል ጋር ሆኖ የሚያዘጋጃቸው የሃንክ አሮን ኢንቪቴሽናልና በአሪዞና በጃንዋሪ የሚደረገው ድሪም ሲሪዝ ልጁን መርጠው፣ ወጪውን ችለው ይወስዱታል። በዋሽንግተን ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው የናሽናልስ የወጣቶች ቤዝቦል አካዳሚ ከ2014 ጀምሮ የአካባቢውን ልጆች ያስተምራል። እውነተኛ ጥሪ ይህን ይመስላል፤ ጋባዡ ይከፍላል።

ሌላም መንገድ አለ፤ የሁለት ዓመቱ ጁኒየር ኮሌጅ። ስሙ ሲነሣ የብዙ ወላጆቻችን ፊት ይጠቁራል፤ «ለዚህ ነው ወይ የተሰደድነው?» የሚሉ አሉ። ታዋቂው ተጫዋች አልበርት ፑሆልስ በልጅነቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሚዙሪ ገብቶ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ባለች የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተጫውቶ፣ በ1999 በፕሮፌሽናሉ ሊግ ምርጫ በ13ኛው ዙር ነው የተመረጠው፤ ሲያቆም 703 ሆምራን ነበረው። ሁሉም ልጅ ፑሆልስ አይሆንም። ግን አበሻ በሞላበት በሜሪላንዱ ሞንጎምሪ ኮሌጅ የቤዝቦል ቡድን አለ፤ ክፍያውም ቀላል ነው፤ ልጁን ለማሳየትም አምስት ሰዓት መንዳት አያስፈልግም።

የወርዋሪ ወላጅ ከሆናችሁ ከገንዘቡ በፊት ክንዱን ቁጠሩ። የፕሮፌሽናሉ ሊግና ዩ.ኤስ.ኤ. ቤዝቦል ያወጡት «ፒች ስማርት» የተባለ መመሪያ 17 እና 18 ዓመት ላይ በቀን ከ105 ውርወራ እንዳይታለፍ፣ ከ15 እስከ 16 ደግሞ 95 እንዲሆን ይመክራል፤ በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውድድር ውርወራ ዕረፍት እንዲኖርም እንዲሁ። ሊጉ በዲሴምበር 2024 ስለ ወርዋሪዎች ጉዳት ባወጣው ዘገባ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ፍጥነትን ማሳደድ ነው፤ ሾውኬዝ ደግሞ ፍጥነት የሚሸጥበት ገበያ ነው። ልጄ በሁለተኛው ሰመር በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ቦታ ራዳር ፊት ወርውሮ ክርኑን አመመው። «ትንሽ ነው አባዬ» አለኝ። ትንሽ አልነበረም፤ መጸውን ሙሉ ኳስ ሳይነካ አሳለፈ። ያን ሦስተኛ ካምፕ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ለአሰልጣኝ የሚጽፈው ልጁ ነው፣ አባት አይደለም። ይህ ለእኛ ይከብደናል። ልጆቻችንን በትልቅ ፊት ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉ፣ ካልተጠየቁ እንዳይናገሩ አድርገን አሳድገን፣ ሜዳ ላይ ግን አሰልጣኙን ቀጥ ብሎ አይቶ እጁን ጨብጦ እንዲያወራ እንጠብቃለን። ጨዋነቱ ፍላጎት ማጣት ተደርጎ ሲተረጎምበት አይቻለሁ። ስለዚህ እቤት ይለማመድ፤ አጎቱን አሰልጣኝ አድርጎ እንኳ ቢሆን። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ የሚጫወትበት ቦታ፣ ቁጥሮቹ፣ ማርኩ፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ በመጨረሻም ቁርጥ ያለ ጥያቄ፤ «ለ2028 ካቸር እየፈለጋችሁ ነው?» ለሃያ ኮሌጅ ቢጻፍ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ ጥቂቶቹ «ሞልተናል» ይላሉ፣ ሁለት ሦስቱ ጥያቄ ጽፈው ይመልሳሉ። የሰመሩ ካምፕ ዝርዝር እነዚያ ሁለት ሦስቱ ናቸው።

ወዳጄን 225 ዶላሩን ለጊዜው ያዥው አልኳት። በጁን አንድ ምሽት ከልጇ ጋር አሌክሳንድሪያ ኤስስ የሚባለው ቡድን ሲጫወት ልናይ ሄድን። የሚጫወተው የኮሌጅ ተጫዋቾች በሰመር በሚሰባሰቡበት ሊግ ነው፤ መግቢያው ለአንድ ካምፕ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም። ከካቸሩ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። እሷ ቆሎ ይዛ መጥታለች። በሦስተኛው ዙር አንድ ሯጭ ሁለተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ ተፈተለከ፤ ካቸሩ ተነሥቶ ወረወረ። ልጁ ስልኩን ተጫነ። 1.97። ዝም አለ። በአምስተኛው ዙር እንደገና፤ 2.02። የእሱን ጠየቅሁት።

«2.26» አለ፤ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ። ቆይቶ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ ያኛውን ካምፕ ዘንድሮ ተይው።»

እሷ ቆሎውን አቀበለችው። እሱ ሰዓቱን ወደ ዜሮ መልሶ የሚቀጥለውን ሯጭ ይጠብቅ ጀመር።